የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መዝሙር በኳየርና በኦርጋን፦ ከኖታ መረጣ እስከ አምልኮው ዕለት

ኳየሮች እነዚህን መዝሙሮች የሚያበላሹበት መንገድ ይመሳሰላል። ኖታው ቀላል ይመስላል፣ አራቱ ድምፆች በአንድ ልምምድ ይያዛሉ፣ መሪውም «ይሄማ አልቋል» ብሎ ወደ ሌላ መዝሙር ይሻገራል። እሁድ ጠዋት ግን ዜማው ይጎተታል፣ የስንኞቹ መጨረሻ ይበተናል፣ ኦርጋኑ አንድ ቦታ መዘምራኑ ሌላ ቦታ ይገኛሉ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቃሉ ሳይቆጠርና የትንፋሹ ቦታ ሳይወሰን ወደ ኖታው መገባቱ ነው።

ምሳሌያችን «ሴንት አን» የሚባለው ዜማ ነው። በ1708 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመ ሲሆን ለዊልያም ክሮፍት ይሰጣል። ዛሬ የሚዘመረው በአይዛክ ዋትስ የ1719 ግጥም፣ «ኦ ጎድ አወር ሄልፕ ኢን ኤጅስ ፓስት» በሚለው ነው። ዓመታቱን አስተያዩ፤ ዜማው ግጥሙን በ11 ዓመት ይቀድማል። አንዱ ለሌላው ተብሎ አልተሠራምና ከታች የምታገኟቸው የቃል ችግሮች ከዚሁ ይመነጫሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

- ድምፅ፦ 14 ሰው ይበቃል፤ 5 ሶፕራኖ፣ 3 አልቶ፣ 3 ቴነር፣ 3 ባስ። ቴነራችሁ ከ2 ሰው በታች ከሆነ በአራት ድምፅ አትድከሙ። ሴቶቹና ቴነሩ ዜማውን፣ ባሱ ባስን ይዘምር፤ መሃሉን ኦርጋኑ ይሞላዋል።
- ኖታ፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅጂ፣ ሁሉም ከአንድ ህትመት።
- እርሳስ፦ በስልክ ላይ ያለ ኖታ ምልክት ለማድረግ አይመችም። ወረቀት ይሁን።
- ሜትሮኖም፦ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል።
- ኦርጋን ወይም ኪቦርድ፦ ኪቦርድ ከሆነ ድምፁ የማይርገበገብ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመረጥ፣ አውቶማቲክ ሪትሙ ይጥፋ፣ ስፒከሩ በገመድ ይገናኝ። በብሉቱዝ የተገናኘ ስፒከር ድምፁን አዘግይቶ ያወጣል። «ኳየሩ ይቀድማል» የሚባለው ቅሬታ አንዳንዴ ከዚህ ብቻ የመጣ ነው።
- ጊዜ፦ 4 ልምምድ፣ እያንዳንዱ 75 ደቂቃ። ከ2 ባነሰ አትሞክሩት።

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ኖታ መምረጥ

1. የዜማውን ስም ፈልጉ። የእንግሊዝ መዝሙሮች ግጥማቸውና ዜማቸው የተለያየ ስም አላቸው። በግጥሙ መጀመሪያ ብቻ ከፈለጋችሁ ሌላ ዜማ ይዛችሁ ልትመጡ ትችላላችሁ። በገጹ ራስ ላይ «ሴንት አን» መጻፉን አረጋግጡ።

2. የቀለም ቁጥሩን አመሳክሩ። ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ የሚወጣ የቃል ክፍል ነው። ከዜማው ስም አጠገብ ቁጥር ይኖራል። 8.6.8.6 ማለት የመጀመሪያው ስንኝ 8 ቀለም፣ ሁለተኛው 6፣ ሦስተኛው 8፣ አራተኛው 6 አለው ማለት ነው፤ «ኮመን ሚተር» ይባላል። 8.8.8.8 «ሎንግ ሚተር»፣ 6.6.8.6 ደግሞ «ሾርት ሚተር» ነው። ቁጥሩ የማይገጥም ግጥም በዜማው ላይ አይቀመጥም። ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ግን በደንብ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ ደረጃ 2 ላይ እናየዋለን።

3. የመጀመሪያውን ስንኝ ሞክሩ። ሴንት አን የሚጀምረው ሶል፣ ሚ፣ ላ፣ ሶል፣ ዶ፣ ዶ፣ ቲ፣ ዶ ብሎ ነው። ይህን ካላገኛችሁ የያዛችሁት ሌላ ዜማ ነው።

ነፃ ኖታ በኮራል ፐብሊክ ዶሜይን ላይብረሪ እና በአይኤምኤስኤልፒ ድረ ገጾች ይገኛል። የአንድን ዜማ አሮጌ ህትመቶች ለማጣራት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ሂም ቲዩን ኢንዴክስ እስከ 1820 ድረስ የታተሙትን ይዘረዝራል።

## ደረጃ 2፦ ቃሉን ያለ ዜማ መሥራት

ሙሉ 25 ደቂቃ ስጡት። እዚህ የተቆጠበ ጊዜ ኋላ በእጥፍ ያስከፍላል።

1. ቀለሙን በጣት ቁጠሩ። እያንዳንዱን ስንኝ በቀስታ አንብቡና 8 ወይም 6 መሆኑን አረጋግጡ። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው ተነባቢዎች ሲደራረቡ ነው፤ አፋችን በመሃል «እ» ይጨምራል። «ስትሪም» በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ነው፤ «እስትሪም» ሲባል ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። «ስቶርሚ» ሁለት ነው፤ «እስቶርሚ» ሦስት። በተጨመረችው «እ» ምክንያት ቃሉ ከምቱ ዘግይቶ ይወድቃል፣ ኳየሩም ይጎተታል። መፍትሔው «ስ»ን ባለፈው ቃል ጫፍ ላይ ማስጠጋት ነው።

2. የሚታጠፉትን ቃላት ምልክት አድርጉ። «ኢቭኒንግ» ሁለት ቀለም ነው፤ «ኢ-ቨ-ኒንግ» ካላችሁ ስንኙ 7 ይሆናል። «ሄቨን» እና «ፓወር» በነዚህ መዝሙሮች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቀለም ይዘመራሉ፤ በኖታው ላይ አናባቢው ተዘሎ በጭረት ምልክት ይታያል።

3. ጭነቱን ከምቱ ጋር አስተያዩ። ዜማው ከደካማ ምት ነው የሚነሳው። «ኦ» ደካማው ላይ፣ «ጎድ» ጠንካራው ላይ ይወድቃል፤ ይህ ይስማማል። ሁሉም አንጓ (የአራት ስንኝ ክፍል) ግን እንዲህ አይደለም። «ታይም ላይክ አን ኤቨር ሮሊንግ ስትሪም» የሚለው አንጓ በከባድ ቃል ይጀምራል፤ «ታይም» ደካማው ምት ላይ ወድቆ ይዋጣል፣ ምንም የማይመዝነው «ላይክ» ይጮሃል። «አንደር ዘ ሻዶው» ላይም እንደዚያው ነው፤ «ደር» የምትለው ቀለም ጠንካራውን ምት ታገኛለች። አንዳንድ የኋላ መዝሙር መጻሕፍት «አንደር»ን በ«ቢኒዝ» የተኩት ሲሆን ይህ ጭነቱን ያስተካክላል። ኖታችሁ «አንደር» የሚል ከሆነ «አን»ን በግልጽ አውጡ፣ «ደር»ን አለስልሱ። «ታይም» ላይ «ት»ን ጠበቅ አድርጉና «ላይክ»ን ቀለል አድርጉ። ሁለቱንም በእርሳስ አስምሩባቸው።

4. በምቱ ላይ ተናገሩት። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 80 ምት አድርጉና ግጥሙን ያለ ዜማ፣ በኖታው ርዝመት ሁሉም በአንድ ድምፅ ይበል። አንድም ሰው እየዘገየ ከሆነ ወደ ዜማው አትሂዱ።

ስንት አንጓ? ዋትስ 9 ጽፏል፤ ዛሬ በብዛት 6 ይዘመራሉ። ከ6 አትለፉ። ከቀነሳችሁ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አትንኩ።

## ደረጃ 3፦ ትንፋሽ

በብዛት በሚገኘው ህትመት የሴንት አን አንድ አንጓ 32 ምት ነው። ሁለተኛውና አራተኛው ስንኝ የሚያበቁት በባለ ሦስት ምት ኖታ ስለሆነ መተንፈሻ አላቸው። አንደኛውና ሦስተኛው ግን የሚያበቁት በባለ አንድ ምት ኖታ ሲሆን ቀጣዩ ስንኝ ወዲያው ይከተላል። ኳየር የሚበታተነው እዚያች አንድ ምት ላይ ነው። ግማሹ ይተነፍሳል፣ ግማሹ ይቀጥላል፣ የተነፈሰው ደግሞ ዘግይቶ ይገባል።

ከሁለቱ አንዱን ወስኑና ሁሉም ይጻፈው፦

- ሀ. በስንኙ መጨረሻ ትንፋሽ ይወሰዳል። የመጨረሻው ኖታ ወደ ግማሽ ምት ያጥራል፣ ትንፋሹ በቀረው ግማሽ ይወሰዳል፣ ቀጣዩ ኖታ በሰዓቱ ይገባል። ትንፋሹ የሚቀነሰው ካለፈው ኖታ ነው፤ ከሚመጣው በጭራሽ አይቀነስም።
- ለ. 14 ቀለም በአንድ ትንፋሽ ይዘመራል። በ80 ምት 16 ምት ማለት 12 ሰከንድ ነው። ለሠለጠነ ኳየር ይቻላል፤ ለጉባኤ አይቻልም።

ጉባኤው አብሮ የሚዘምር ከሆነ «ሀ»ን ምረጡ።

አሮጌ ህትመት ስታዩ የስንኙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ኖታ ረዘም ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። የህትመት ስህተት ነው ብላችሁ አታርሙት፤ ዘማሪው ተሰብስቦ እንዲገባና እንዲተነፍስ ያገለግላል። ከአዲስ ህትመት ጋር ግን አትቀላቅሉት።

## ደረጃ 4፦ ዜማውና አራቱ ድምፆች

1. ሁሉም ዜማውን ይማር፣ ባሶችም ጭምር። ቁልፉ ሲ ሜጀር ይሁን። የመጀመሪያው ስንኝ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይዘላል፣ ከሚ ወደ ላ እና ከሶል ወደ ዶ፤ ሁለቱም አራተኛ (መነሻውን ጨምሮ ሲቆጠር አራተኛው ኖታ) ናቸው። ያለ ቃል፣ «ኑ» በሚል ድምፅ ብቻ አምስት ጊዜ አስደጋግሙ።

2. ጥቁሩን ቁልፍ አስጠንቅቁ። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ኤፍ ሻርፕ መጥቶ ወደ ሶል ይወጣል። አብዛኛው ሰው ተራውን ኤፍ ይዘምራል፣ ወይም በሁለቱ መሃል ይቀራል። ከሶል ተነስታችሁ ግማሽ ድምፅ ብቻ ውረዱና ተመለሱ፤ ሶል፣ ፊ (ኤፍ ሻርፑ)፣ ሶል። ጆሮው ሲለምደው ወደ ስንኙ መልሱት።

3. ባስን ቀጥሎ አስተምሩ፣ ከዚያ ሁለቱን አጋጥሙ። ዜማና ባስ ብቻቸውን ቀጥ ብለው ካልቆሙ ሌላ ድምፅ መጨመር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

4. አልቶና ቴነር በመጨረሻ ይግቡ። የአልቶ መስመር ብዙ ጊዜ በአንድ ኖታ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ይሰለቻል፣ ሲሰለች ይወርዳል። አልቶዎች ተደጋጋሚውን ኖታ በእያንዳንዱ ቀለም አዲስ እንደሚጀምሩት አድርገው ይዘምሩት።

5. ያለ ኦርጋን አንድ አንጓ ዘምሩ። ሲያልቅ ኦርጋኒስቱ የመጨረሻውን ኮርድ ይምታ። ከወረዳችሁ የት እንደወረደ በየስንኙ እያቆማችሁ ፈልጉ።

## ደረጃ 5፦ ኦርጋን

ኦርጋኒስቱ ለብቻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሥራበት። ከኳየሩ ጋር እየተገናኘ የሚማረው ከሆነ ልምምዱ ሁሉ የእሱ ይሆናል።

የድምፅ ምርጫ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የእንግሊዝ ኦርጋን የእግር ፔዳል አልነበረውም፤ ባሱን ግራ እጅ ይጫወተው ነበር። ስለዚህ ከባድ ባለ 16 ጫማ ባስ ከመጀመሪያው አንጓ አትክፈቱ፣ ቃሉን ይሸፍናል («ጫማ» የኦርጋኑ ቧንቧ ርዝመት ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል)። እንዲህ ጀምሩ፦

- ኳየር ብቻ ሲዘምር፦ ባለ 8 ጫማ ዲያፓሰን (የኦርጋኑ ዋና ድምፅ)
- ጉባኤ ሲገባ፦ ባለ 8 እና ባለ 4 ጫማ (ፕሪንሲፓል)
- የመጨረሻው አንጓ፦ ባለ 2 ጫማ (ፊፍቲንዝ) ይጨመር፣ ፔዳል ካለ ባለ 16 እዚህ ይግባ

በኪቦርድ ላይ እነዚህ ስቶፖች (የድምፅ መምረጫዎች) ከሌሉ ሁለት የኦርጋን ድምፅ አዘጋጁ፣ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ደማቅ፤ በአንጓዎች መሃል ብቻ ቀይሩ።

ተደጋጋሚ ኖታ። የኦርጋን ድምፅ ጣት እስኪነሳ አይቆምም። በመጀመሪያው ስንኝ ዶ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ጣት በደንብ ካልተነሳ ሁለቱ አንድ ረጅም ኖታ ሆነው ይሰማሉ፣ ዘማሪውም ምቱን ያጣዋል። በዜማው ላይ የመጀመሪያውን ኖታ ለሦስት ሩብ ምት ያህል ያዙና ልቀቁ። በመሃል ድምፆች ያለውን ተደጋጋሚ ኖታ ግን ማሰር ይቻላል። ዜማውም መሃሉም ከተቆራረጠ ታይፕራይተር ይመስላል።

መግቢያ። በዘመኑ ኦርጋኒስቱ ዘማሪው ከመግባቱ በፊት ሙሉውን ዜማ፣ ብዙ ጊዜም እያስጌጠ፣ ይጫወት ነበር። ለእናንተ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስንኝ ይበቃል። ፍጥነቱ የሚዘመርበት ፍጥነት ራሱ ይሁን፣ መጨረሻው ላይም አይቀንስ። መግቢያው ላይ የቀነሰ ኦርጋኒስት ዘማሪውን «ቀስ በሉ» ብሎታል።

በአንጓዎች መሃል። የመጨረሻው ኮርድ 3 ምት ይያዝ፣ 2 ምት ዝምታ ይሁን፣ ከዚያ ይገባል። ቁጥሩን ብትቀይሩትም ግድ የለም፤ በሁሉም አንጓ ያው ይሁን እንጂ። 6 አንጓ በ80 ምት ከነክፍተቶቹ ወደ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይወስዳል። ልምምድ ላይ ለኩት፤ 3 ደቂቃ ካለፈ ተጎትታችኋል። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪው ጆን ዌስሊም በ1761 ባወጣው የአዘማመር መመሪያ እንዳይጎተቱ አስጠንቅቋል፤ ጎታችነት ያኔም ነበር።

## ደረጃ 6፦ አንጓዎቹን መለያየት

ስድስቱንም አንድ ዓይነት አትዘምሩ፤ ግን በየአንጓው አዲስ ነገር ማምጣትም ያሰለቻል። ይህ ይበቃል፦ 1 እና 2 ሁሉም በአራት ድምፅ፤ 3 ሴቶች ብቻ ዜማውን፤ 4 ያለ ኦርጋን፤ 5 (የ«ታይም» አንጓ) ለስለስ ብሎ በ8 ጫማ ብቻ፤ 6 ሁሉም ዜማውን በአንድነት፣ ኦርጋኑ ሙሉ። 4ኛውን ያለ ኦርጋን የምትዘምሩት ኳየሩ የማይወርድ ከሆነ ብቻ ነው። ኦርጋኑ 5ኛው ላይ ሲመለስ ልዩነቱ ለሁሉም ጆሮ ይገለጣል።

## ከአሮጌ ህትመት በቀጥታ የምትሠሩ ከሆነ

እዚህ የሚሰናከሉት የለመዱ ሙዚቀኞች ናቸው።

ዜማው የት ነው? የላይኛው መስመር ዜማ ነው ብላችሁ አትገምቱ። በገጠር አጥቢያ ኳየሮች መጻሕፍት ዜማው በቴነር ላይ ይገኛል። በሌሎች ህትመቶች ደግሞ ኦርጋኒስቱ እንዲያነበው ዜማው ከባሱ በላይ ባለው መስመር ይቀመጣል፤ አልቶና ቴነር ከእሱ በላይ ይወጣሉ። ዜማው ቴነር ላይ ከሆነ ለቴነሮች ብቻ አትተዉት፣ አይሰማም። ጥቂት ሴቶች አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገው ያግዟቸው።

ክሌፍ (በኖታ መስመሮች መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው ምልክት)። ሲ ክሌፍ መሃሉ ያረፈበት መስመር መካከለኛው ሲ ነው። በአልቶ ሦስተኛው፣ በቴነር ከታች አራተኛው መስመር ላይ ያርፋል። ቴነር በትሬብል ክሌፍ ከተጻፈ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ተደርጎ ይዘመራል። ለዘማሪዎቹ በዛሬው ክሌፍ ገልብጣችሁ ስጡ፤ በልምምድ ላይ ማስተማር ጊዜ ይበላል።

በባሱ ላይ ያሉ ቁጥሮች። የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል ለመዝሙር ገጣሚው ቻርልስ ዌስሊ ግጥሞች የሠራቸው ሦስት ዜማዎች (አንዱ ጎፕሳል ነው) አራት ድምፅ የላቸውም፤ ዜማና ባለቁጥር ባስ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ከባሱ ኖታ ወደ ላይ የሚቆጠር ርቀት ነው፦

- ቁጥር ከሌለ፦ ሦስተኛና አምስተኛ
- 6፦ ሦስተኛና ስድስተኛ
- 6 ከ4 በላይ፦ አራተኛና ስድስተኛ
- 7፦ ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ
- 4 ከዚያ 3፦ አራተኛው ይያዝና ወደ ሦስተኛው ይውረድ
- ሻርፕ ለብቻው፦ ሦስተኛው ግማሽ ድምፅ ከፍ ይበል

ግራ እጅ ባሱን ብቻ፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ከላይ አድርጎ ከሥሩ ሁለት ድምፅ ይያዝ። ሰባት ጣት የሚሞላ ኮርድ መዝሙሩን ያከብደዋል።

ትንንሽ ኖታዎች። ከዋናው ኖታ በፊት ተጣብቃ የተጻፈች ትንሽ ኖታ ምቱ ላይ ትወድቃለች፣ በአብዛኛውም የዋናውን ግማሽ ትወስዳለች። ከምቱ በፊት ጣል አድርጎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ኳየሩ እኩል ማድረግ ካቃተው ኦርጋኑ ብቻ ይጫወታት።

ተከታታይ መግቢያ ያላቸው ዜማዎች። «ፊውጊንግ ቲዩን» በሚባሉት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስንኝ ላይ ድምፆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ቃሉ ይደራረባል። የሚገባው ድምፅ ሦስት ወይም አራት ቀለም በግልጽ ያውጣ፣ ሌላው ሲገባ ወዲያው ዝቅ ይበል። ሁሉም ጠንክሮ ከቀጠለ ቃል አይሰማም። ጉባኤው እዚያ ክፍል ላይ ዝም ይበል፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ከሶፕራኖ ጋር ገብቶ ሁሉን ያናጋል።

## ሲበላሽ

ድምፁ እየወረደ ነው። መጀመሪያ ኤፍ ሻርፑን፣ ቀጥሎ የአልቶን ተደጋጋሚ ኖታ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሶል-ሚ ፈትሹ፤ ሚ ከሚገባው በላይ ዝቅ ይደረጋል። ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ከወረደ ቁልፉን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉ። አንዳንዴ ያን ዕለት ለድምፃችሁ የማይመቸው ቁልፉ ራሱ ነው።

ጉባኤው ይጎትታል። ኦርጋኒስቱ አይጠብቀው። ከጠበቀ በየአንጓው ሁለት ሦስት ምት እየቀነሰ ይሄዳል። ድምፅ ከመጨመር ይልቅ ኖታዎቹን አሳጥሮ፣ በተለይ ባሱን ለየት ለየት አድርጎ ይጫወት። የተቆረጠ ባስ ከጮኸ ኦርጋን የበለጠ ያስኬዳል።

ኦርጋንና ኳየር አይገጥሙም። ኦርጋኒስቱ ከኳየሩ ርቆ ከተቀመጠ የሚሰማው የዘገየ ድምፅ ነው። ጆሮውን ትቶ የመሪውን እጅ ይይ። እጅ የማይታይ ከሆነ መስታወት ስቀሉ፣ ወይም በስልክ ካሜራ ሳይሆን በገመድ ካሜራ አሳዩት፤ የስልኩ ምስልም ይዘገያል።

አንዱ ድምፅ መሃል ላይ ጠፋ። አታቁሙ። የጠፋው ድምፅ እስከ ስንኙ መጨረሻ ዜማውን ይያዝና በቀጣዩ ስንኝ ወደ ቦታው ይመለስ። ሁሉም ዜማውን መጀመሪያ የተማረው ለዚህም ነው።

ኦርጋኒስቱ አንድ አንጓ ጨመረ ወይም ዘለለ። መሪው የአንጓውን ቁጥር በጣት ከፍ አድርጎ በእያንዳንዱ ክፍተት ያሳይ። ኦርጋኒስቱ ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፎ ከኖታው አጠገብ ያስቀምጥ፣ በጨረሰ ቁጥርም ይሰርዝ።